ክብደት ሲጠፋ ቆዳችን ምን ይሆናል?

ለወራት በጠፈር የቆየን ሰው እግር ያየ ግራ ይጋባል። የውስጥ እግሩ እንደ ሕፃን እግር ለስልሷል፤ የእግሩ ጀርባ ግን ሻክሯል። በመንኮራኩር ውስጥ የሚረገጥ ወለል የለምና፣ ጠፈርተኛው ባለበት ለመርጋት የእግሩን ጀርባ ከብረት ዘንግ ሥር ይሰካል። ያልተረገጠበት የውስጥ እግር ደንዳና ቆዳ እየተቀረፈ ይወድቃል፤ ካልሲ ሲወልቅም ቅርፊቱ በአየር ላይ እንዳይበተን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ውድ አንባብያን፣ «እዚያ የመሬት ስበት የለም» ሲባል ደጋግመን እንሰማለን። ስህተት ነው። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በሚገኝበት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስበቱ በምድር ገጽ ካለው ወደ 90 በመቶ ይጠጋል። ጣቢያውና በውስጡ ያሉት ሰዎች መሬትን እየዞሩ አብረው ስለሚወድቁ ነው ክብደት የማይሰማቸው።

ታዲያ ቆዳ ይህን በምን ያውቃል? በቆዳችን ታችኛው ክፍል ፋይብሮብላስት የሚባሉ ህዋሳት አሉ። ኮላጅን የተባለውን ጠንካራ ክር የሚሠሩት እነርሱ ናቸው። ቆዳን ብቻ ሳይሆን ጅማትንና የደም ሥር ግድግዳን አጥብቆ የሚይዘውም ይኸው ክር ነው። ህዋሳቱ በዙሪያቸው ያለውን ክር ይጎትታሉ፤ ክሩም መልሶ ይጎትታቸዋል። ሸማኔ የድሩን መላላትና መወጠር በእጁ እንደሚያውቀው ሁሉ፣ እነርሱም ሥራቸውን የሚመጥኑት በዚህ ውጥረት ነው። ክብደት ሲጠፋ ውጥረቱ ይለወጣል፤ የህዋሱን ቅርጽ የሚይዙት ጥቃቅን የውስጥ ክሮችም አቀማመጣቸውን ይቀይራሉ።

በ2009 እ.ኤ.አ. ስድስት አይጦች ወደ ጣቢያው ተልከው ነበር። ከ91 ቀናት በኋላ በሕይወት የተመለሱት ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ውጤቱን በጥንቃቄ ልናየው ይገባል። የቆዳቸው ታችኛው ክፍል በ15 በመቶ ያህል ሳስቶ ተገኘ፤ የጸጉራቸው የእድገት ዑደትም ተዛብቶ ነበር። የሚገርመው፣ አዲስ የሚሠራው ኮላጅን አላነሰም፤ እንዲያውም ጨምሯል። እንግዲህ ቆዳው የሳሳው ሥራ ስለቆመ አይደለም፤ የመሥራትና የማፍረስ ሚዛኑ ስለተናጋ ይመስላል።

አብዛኛው ምርምር ግን ከምድር አይወጣም። ህዋሳቱ በሚሽከረከር መሣሪያ ላይ ይቀመጡና «ታች» የሚባለው አቅጣጫ ያለማቋረጥ ይቀያየርባቸዋል። ርካሽና ጠቃሚ ዘዴ ነው፤ ሆኖም መሽከርከሩ ራሱ ፈሳሹን ስለሚያናውጥ ከእውነተኛው ጠፈር ጋር እኩል ባናደርገው ይሻላል።

ጉዳዩ የሚከብደው ቁስል ሲመጣ ነው። ቁስልን የሚገጥሙት እነዚሁ ህዋሳት ናቸውና። ወደ ማርስ ለመድረስ ብቻ ወራት ይፈጃል፤ መንገድ ላይ የቆሰለ ሰው ደግሞ ወደ ሆስፒታል አይመለስም። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. የተሰፋ የሰው ቆዳና የደም ሥር ቁራጭ ወደ ጣቢያው የላከው የስፌትን ነገር ለማጥናት ነበር። ወሬው ከእኛ የራቀ እንዳይመስለን፦ ለሳምንታት በጀሶ ታስሮ የቆየ እጅ ሲፈታ የከሳው፣ ጅማቱም የሰነፈው ሸክም ስለተነሣለት ነው።

መመለሱም ቀላል አይደለም። አሜሪካዊው ስኮት ኬሊ በ2016 እ.ኤ.አ. ከ340 ቀናት በኋላ ወደ ምድር ሲመለስ፣ ወንበርና አልጋ የነካው ገላው ሁሉ ሽፍታ አውጥቶ ነበር። ያን ያህል ጊዜ ምንም ነገር ተጭኖት የማያውቅ ቆዳ፣ የራሱ ሰውነት ክብደት እንግዳ ሆኖበት ነበር።