ፈረሱ የገዛት አገር

እንስሳት የሚናገሩበት መጽሐፍ ሁሉ የልጆች ተረት አይደለም። ዚምባብዌያዊቷ ደራሲ ኖቫዮሌት ቡላዋዮ በ2022 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያሳተመችው «ግሎሪ» የተሰኘ ልብ ወለድ ለታዋቂው የቡከር ሽልማት በመጨረሻ ዕጩነት ቀርቦ ነበር።

ታሪኩ ጂዳዳ በተባለች ምናባዊ አገር ይጀምራል። ገዢው አሮጌ ፈረስ፣ ሚስቱ አህያ፣ ወታደሮቹ ደግሞ ውሾች ናቸው። ከ37 ዓመት ሥልጣን በኋላ በ2017 እ.ኤ.አ. የወረዱትን ሮበርት ሙጋቤን ለመለየት አይቸገሩም። መጽሐፉ ከልብ ያስቃል። ከስደት የተመለሰችው ፍየል ዴስቲኒ ግን እናቷ ሳትነግራት የኖረችውን የ1980ዎቹን ጭፍጨፋ ስትሰማ ሳቁ ይቆማል።

ልጅዎ ከፍ ካለ አብረው ያንብቡት። መጀመሪያ «ፈረሱ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅዎታል። ቀጥሎ «በእኛ ቤትስ ያልተነገረኝ ምን አለ?» ሊልዎት ይችላል። ለሁለተኛው ጥያቄ ከወዲሁ ይዘጋጁ።