የባክቴሪያ ዕድገትና የሒሳብ ቀመር

አንድ ባክቴሪያ በተመቸ ሁኔታ በየ20 ደቂቃው ለሁለት ሊከፈል ይችላል የሚለው አባባል በብዙ የሥነ ሕይወት መማሪያ መጻሕፍት ይገኛል። ከዚህም በመነሣት ተማሪው ቁጥሩን በ2 እያባዛ እንዲሄድ ይደረጋል። ስሌቱን እስከ ፍጻሜው የሚከተል ግን ጥቂት ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ክፍፍሉ 72 ጊዜ ይደጋገማል፤ የአንዱ ሴል ክብደት የግራም አንድ ትሪሊዮንኛ ገደማ ነው ቢባል የዘሩ ጠቅላላ ክብደት ወደ 4,700 ቶን ይደርሳል። በ48 ሰዓት ደግሞ የመሬትን ክብደት ከሦስት ሺህ እጥፍ በላይ ይበልጣል። ስህተቱ ከማባዛቱ ላይ ሳይሆን ከመነሻው ላይ ነው፤ ምግብ አያልቅም ተብሎ ታስቧልና።

ምግብን በስሌቱ ውስጥ ካስገቡት ሒሳባዊ አምሳያዎች በይበልጥ የታወቀው የፈረንሳዊው ሳይንቲስት የዣክ ሞኖ ቀመር ነው። ሞኖ በ1942 (እ.ኤ.አ.) በፓሪስ ባሳተመው ጥናትና በ1949 ባቀረበው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ ምግብ ሲጨምር የዕድገቱ ፍጥነት ይጨምራል፤ ጭማሪው ግን እየቀነሰ ሄዶ ፍጥነቱ ወደ አንድ ወሰን ይጠጋል። ይኸውም፦

የዕድገት ፍጥነት = ከፍተኛው ፍጥነት × የምግብ መጠን ÷ (የእኩሌታ መጠን + የምግብ መጠን)

የእኩሌታ መጠን የሚባለው ፍጥነቱ የከፍተኛው ግማሽ የሚሆንበት የምግብ መጠን ነው። ለምሳሌ ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 0.9፣ የእኩሌታው መጠን በሊትር 4 ሚሊግራም ግሉኮስ ነው ይባል። ምግቡ 4 ሚሊግራም ሲሆን ፍጥነቱ 0.45፣ 8 ሲሆን 0.60፣ 36 ሲሆን 0.81 ይሆናል። ቀመሩ ሚካኤሊስና ሜንተን በ1913 ለኢንዛይም ካወጡት ጋር አንድ ዓይነት መልክ አለው፤ ሞኖ የመረጠው ግን ከልኬቱ ጋር ስለተስማማለት እንጂ ከኢንዛይም ሕግ አውጥቶት አይደለም። ይህን ልዩነት ለተማሪ መንገር ይገባል።

አምሳያው የማይገልጸው ነገርም አለ፤ ምናልባትም ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ግሉኮስና ላክቶስ አብረው ሲቀርቡለት ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ሁለቱን ባንድነት አይመገብም። በመጀመሪያ ግሉኮስን ይጨርሳል፤ ዕድገቱ ለጥቂት ጊዜ ቆም ይላል፤ ከዚያም በላክቶስ እንደገና ያድጋል። ባለ አንድ ምግብ ቀመር ለዚህ ቆይታ ምክንያት ሊሰጥ አይችልም። ሞኖ ምክንያቱን ለዓመታት ሲመረምር ቆይቶ፣ ከፍራንስዋ ዣኮብ ጋር በ1961 ጂኖች እንደ አስፈላጊነቱ የሚከፈቱና የሚዘጉ መሆናቸውን አስረዳ። በ1965 ሁለቱ ከአንድሬ ልዎፍ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በብዙ ትምህርት ቤቶች ሎጋሪዝም በሒሳብ ክፍለ ጊዜ፣ ባክቴሪያ በሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜ ለየብቻ ይሰጣሉ፤ የሚያገናኛቸው መልመጃ እምብዛም አይገኝም። ለዚህ ቤተ ሙከራ የግድ አያስፈልግም። ተማሪው በሊትር 40 ሚሊግራም ምግብና በጣም ጥቂት ሴሎች ይዞ ይነሣል፤ በየ10 ደቂቃው ፍጥነቱን በቀመሩ አስልቶ በሴሎቹ ክብደት ላይ ጭማሪውን ይደምራል፤ ለእያንዳንዱ ሚሊግራም አዲስ ሴል 2 ሚሊግራም ምግብ ይቀንሳል። ውጤቱ በግራፍ ሲነሣ መስመሩ ሽቅብ ይወጣና በዝግታ ሳይጎብጥ በድንገት ይቆማል፤ የእኩሌታው መጠን ከመነሻው ምግብ እጅግ ያነሰ ነውና። በእውነተኛ እርባታ ከዕድገቱ በፊት የሚታየው የዝግጅት ጊዜና ምግቡ ካለቀ በኋላ የሚመጣው የሴሎች ሞት ግን በግራፉ ላይ አይታዩም። መምህሩ የሚቀጥለውን ጥያቄ ከዚህ ሊያነሣ ይችላል።