ከቁልቢ መልስ አንድ ቀን በድሬዳዋ

ድሬዳዋን የወለዳት የባቡር ሐዲድ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው መስመር በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ሲደርስ ከተማይቱ ተቆረቆረች። መስመሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላም ሎኮሞቲቭና ፉርጎ የሚጠገንበት ታላቁ ወርክሾፕ እዚያው ቀረ። በያጁና የቶርኖ ባለሙያው ሙያውን የተማረው፣ ቤተሰቡንም ያስተዳደረው በዚያ ግቢ ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ግን ጣቢያው ከከተማ ወጣ ብሎ ተሠራ፤ የአሮጌው ግቢ ሥራም ቀዘቀዘ።

እንግዳ ግን ከድሬዳዋ አልጠፋም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ለቁልቢ ቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል ከሚጓዙት ምእመናን ብዙዎቹ በከተማይቱ ያልፋሉ፤ በአውሮፕላን የሚመጣውም የሚያርፈው በዚያው ነው። በእነዚያ ቀናት አልጋ ማግኘት ጭንቅ ነው። በዓሉ ባለፈ ማግሥት ተሳላሚው ወደየመጣበት ይመለሳል፤ ከባለሆቴሉና ከባለመኪናው በቀር የሚጠቀመው ጥቂት ነው። ስለዚህ ቀዳሚው ሥራ የመጣው እንግዳ አንድ ቀን እንዲጨምር ማድረግ ይመስለናል።

ለዚህ በጀርመን አገር፣ በሩር አውራጃ የሆነውን ማየት ይጠቅማል። በኤሰን ከተማ የሚገኘው የጾልፈራይን የድንጋይ ከሰል ማውጫ እ.ኤ.አ. በ1986 ሲዘጋ ሕንፃዎቹ እንዲጠበቁ ተደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ2001ም በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ጎብኚን ከሚመሩት መካከል የቀድሞ ከሰል ቆፋሪዎች ይገኙበታል። እርግጥ ነው፣ ጉብኝት ማዕድኑ የቀጠረውን ያህል ሰው አልቀጠረም፤ ይህን ደብቆ ለወጣቱ ተስፋ መስጠት አይገባም።

የድሬዳዋ ወርክሾፕ ጡረተኞች ዕድሜያቸው ገፍቷል። የትኛው መሣሪያ ምን ይሠራ እንደ ነበር የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ ብረቱ ቢጠበቅ እንኳ ያለ እነርሱ ዲዳ ነው። በየአጥቢያው ያሉትን ሰበካ ጉባኤው ይመዝግብ፤ የሚናገሩትንም በድምፅ ይቅረጽ። ከሙያ ባልደረቦቻቸው ብዙዎቹ የእስልምና እምነት ተከታዮች ናቸውና እነርሱም አይዘለሉ። የጉዞ ኮሚቴዎች ደግሞ ከግቢው አስተዳደር አስቀድመው ፈቃድ ጠይቀው፣ ከቁልቢ መልስ ግማሽ ቀን በመርሐ ግብራቸው ያስገቡ። የአስጎብኚው አበል ከጉዞው ክፍያ ጋር ይታሰብ፤ ለበረከት ነው ብሎ ሽማግሌን በነፃ ማድከም ነውር ነው። ለታኅሣሡ ጉዞ እንዲደርስ ፈቃዱን በመስከረም መጠየቅ ይበጃል።