ካሜራው ያልዞረላት ድምፃዊት

ሮክ የሚወድ ሰው የአሜሪካዋን ሲያትል ሳያነሳ አይውልም። ኒርቫና፣ ሳውንድጋርደን፣ ፐርል ጃም... ግራንጅ የሚሉት የሮክ ዓይነት ዓለምን ያዳረሰው ከዚያች ዝናባማ ከተማ ተነስቶ ነው። ዛሬ ደግሞ ብዙ ሐበሻ ይኖርባታል፤ ከአንባቢዎቼም እዚያ ዘመድ ያለው አይጠፋም።

ስለዚህ ሙዚቃ ከተሠሩት ዘጋቢ ፊልሞች የዳግ ፕሬይን «ሃይፕ» (1996 እ.ኤ.አ.) እወደዋለሁ። ጋዜጣና ቴሌቪዥን አንድን ሰፈር እንዴት አራግቦ እንደሚሸጠው እየሳቀ ያሳያል። ግን እንዲህ ያሉ ፊልሞችን አይቼ ስጨርስ አእምሮዬ ውስጥ የሚቀረው ምስል አንድ ነው፦ ፀጉሩን ያስረዘመ፣ ባለ አራት ማዕዘን ጥለት ሸሚዝ የለበሰ ነጭ ወጣት። እውነቱ ግን ከዚህ ይሰፋል። የሳውንድጋርደን ጊታሪስት ኪም ታዪል ወላጆቹ ከህንድ የመጡ ናቸው። የባንዱ የመጀመሪያ ቤዝ ተጫዋች ሂሮ ያማሞቶም የጃፓን ዘር አለው።

እኔን ያንገበገበኝ ግን የቲና ቤል ነገር ነው። ጥቁር ሴት ናት። በ1983 ከጊታሪስት ባሏ ጋር «ባም ባም» የሚባል ባንድ አቋቁማ በሲያትል መድረክ ላይ ከፊት ቆማ ስትጮህ ኒርቫና የሚባል ነገር ገና አልተወለደም። ኋላ በሳውንድጋርደንና በፐርል ጃም የታወቀው ከበሮ መቺ ማት ካሜሮን በባም ባም በኩል አልፏል። በ1984 ባንዱን የቀዳው ክሪስ ሃንዜክ በ1986 «ዲፕ ሲክስ» የተባለውን፣ ብዙዎች የግራንጅ የልደት ምስክር ወረቀት አድርገው የሚያዩትን የስድስት ባንዶች አልበም አሳተመ። ባም ባም ከስድስቱ ውስጥ የለም። ካሜሮን ግን አለ፤ ያኔ ከሌላ ባንድ ጋር ነበር።

እንዴት ነው ሰው እንዲህ የሚጠፋው? ፊልም ሠሪው ክፉ ስለሆነ አይመስለኝም። ዳይሬክተሩ ከተማው ከታወቀ በኋላ ነው የሚደርሰው። ሲደርስ የሚያገኘው የተቀመጠለትን ነው፤ አሳታሚው ያስቀመጠውን ፎቶ፣ የታወቁት ሰዎች የሚያወሩትን ትዝታ። ቀድሞ ጋዜጣ ያላነሳውን ሰው ፊልሙ ሁለተኛ ጊዜ ይረሳዋል። «ማስረጃ የለም» ይባላላ! መጀመሪያ ማን ቀረጻትና?

ቢፈለግ ይገኛል እኮ። የዲትሮይቶቹ ሦስት ጥቁር ወንድማማቾች «ዴዝ» በሚል ስም በ1975 የቀዱት ሙዚቃ ለአሥርት ዓመታት ተቀምጦ በ2009 ታተመ። «ኤ ባንድ ኮልድ ዴዝ» የተባለው ፊልም በ2012 ታሪካቸውን ሲናገር፣ ስሙን አልቀይርም ብሎ የሞተው ወንድማቸው ዴቪድ ግን በሕይወት አልነበረም። ካሴቱን ጥሎ ሳይሆን አስቀምጦ የሄደ ሰው ስለነበር ነው ፊልሙ የተሠራው።

የቲና ቤል ልጅ ደግሞ ማን ሆነ መሰላችሁ? ቲ. ጄ. ማርቲን፤ የዘጋቢ ፊልም ዳይሬክተር! በየካቲት 2012 «አንዲፊትድ» በተባለው ፊልም ኦስካር ወሰደ። እናቱ በዚያው ዓመት አረፈች። የግራንጅ ታሪክ ሲተረክ ስሟ መነሳት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ ቤታችን ልምጣ። ጃኖ ባንድ በ2012 «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ ከአራቱ ድምፃውያን ሁለቱ ሴቶች ነበሩ። የአዲስ አበባ ሮክ ታሪክ አንድ ቀን በፊልም መሠራቱ አይቀርም። ያኔ ዳይሬክተሩ መጀመሪያ ስልክ የሚደውለው ለማን ይሆን? እኔ ብሆን ከሴቶቹ እጀምር ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ልምምዱን በሞባይሉ ሲቀርጽ የነበረውን ልጅ እፈልገዋለሁ።