ለቡ ምን ላይ ቆማለች?

አዲስ አበባ ውስጥ ለቡ አካባቢ መሠረት ያስቆፈረ ሰው ጥቁሩን አፈር ያውቀዋል። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ግንበኞች ጠርገው አውጥተው በምትኩ ገረገንቲ ወይም ቀይ አሸዋ የሚሞሉት ለዚህ ነው። አፈሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለረጅም ዘመን በዝናብና በፀሐይ በስብሶ የሆነው ነው። ድንጋዩን የተፉትም ሩቅ አይደሉም፤ የፉሪና የወጨጫ ተራሮች ከጥቂት ሚሊዮን ዓመታት በፊት እሳተ ገሞራዎች ነበሩ። እንጦጦ ታላቃቸው ነው፤ ዕድሜው ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል።

ከዚያ በፊት የነበረውን ለማየት ዓባይ በረሃ መውረድ ይሻላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ሲኬድ ገደሉ የምድሪቱን ታሪክ ከላይ ወደ ታች ያሳያል። አናቱ ላይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ የፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ አለ። ዝቅ ሲሉ የኖራ ድንጋይ፣ ከሥሩ ጂፕሰም፣ ከዚያም የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል። የኖራ ድንጋዩ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ አገሩን የሸፈነ ባሕር ዝቃጭ ነው።

እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ አለ። ባሕሩ ጥልቅ አልነበረም፤ የኖራ ድንጋዩ ውፍረት ግን በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ይለካል። ጥልቀት የሌለው ባሕር ይህን ሁሉ ዝቃጭ እንዴት ቻለው? ወለሉ በዝግታ ይሰምጥ ስለነበር ነው። ዝቃጩ ሲጨመር ክብደቱ ራሱ ወለሉን ይበልጥ ይጫነዋል፤ ለሚቀጥለው ዝቃጭም ቦታ ይገኛል። ተፋሰስ የሚባለው እንግዲህ ጎድጓዳ ስፍራ ብቻ አይደለም፤ እየሰመጠ ዝቃጭ የሚቀበል ስፍራ ነው። መስመጡን ካቆመ ሞልቶ ሜዳ ይሆናል። ዓባይ በረሃ አካባቢ የነበረው የባሕሩ ወለል ግን በኋላ ወደ ላይ ተነሥቷል፤ ያ የባሕር ዝቃጭ ዛሬ ከባሕር ጠለል ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል።

መስመጡ አሁንም አልቆመም፤ ወደ ስምጥ ሸለቆ ዞሯል እንጂ። ሸለቆው በዓመት 5 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል፤ ወለሉም ዝቅ ይላል። ከለቡ ታጥቦ የሚሄደው አፈር በአቃቂ በኩል አዋሽ ይገባል። ከፊሉ ቆቃ ላይ ይቀራል፤ የቀረው ወደ አፋር ይወርዳል። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል፤ ይዞት የመጣውም እዚያው ይዘቅጣል። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችውን፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆነውን ድንቅነሽን ሸፍኖ ያቆየልን እንዲህ ያለው የወንዝና የሐይቅ ደለል ነው።

ከለቡ ጣቢያ በባቡር የሚነሣ መንገደኛ ከዚህ ከፊሉን ሳይወርድ ማየት ይችላል፤ መስኮት ዳር ቢቀመጥ ይበጀዋል። አዳማንና አዋሽን አልፎ ድሬዳዋ ሲደርስ ያ የጥንት ባሕር የኖራ ድንጋይ እንደገና ብቅ ይላል። የአገሪቱ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለውም እዚያው ነው።