ምድርን ስለሚያለብሱ ተክሎች

ሰው ልብስ እንደሚያስፈልገው ምድርም ልብስ ያስፈልጋታል። የሰው ልብስ ብርድንና ፀሐይን ይከለክላል፤ የምድርም ልብስ ዝናምንና ነፋስን ይከለክላል። የምድር ልብስ የተባለው ሣሩና ቅጠሉ፥ ዝቅ ብሎ በመሬት ላይ የሚነጠፈው ተክል ሁሉ ነው። ሰዎች ታላቁን ዛፍ አይተው ያደንቃሉ፤ በእግራቸው የሚረግጡትን ታናሹን ተክል ግን ልብ አይሉትም። ነገር ግን ታናሹ ተክል አፈሩን ባይጠብቅለት፥ የታላቁ ዛፍ ሥር በጎርፍ ተሸርሽሮ በተገለጠ ነበር።

ተክሎች በዕድሜያቸው በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንዱ ወገን በአንድ ዓመት ውስጥ በቅሎ፥ አብቦ፥ ዘሩን ጥሎ የሚሞት ነው። አደይ አበባ ከዚህ ወገን ናት። በመስከረም ሜዳውን ሁሉ ወርቅ ታስመስለዋለች፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ደርቃ ትወድቃለች። በሚመጣውም ዓመት የምትታየው ከዘሯ የበቀለች ሌላ ናት። ሁለተኛው ወገን ሥሩ ሳይሞት ብዙ ዓመት የሚኖር ነው። ከዚህም ወገን አንዳንዶቹ ቅጠላቸውን ሳያራግፉ ዓመቱን ሁሉ ምድርን ሸፍነው ይኖራሉ። ምድርን ደኅና አድርገው የሚያለብሱ እነዚህ ናቸው። አደይ አበባ በደረቀች ጊዜ የነበረችበት ስፍራ ባዶውን ይቀራል፤ እነርሱ ያሉበት ስፍራ ግን ራቁቱን አይሆንም።

በሐዲያ አገር፥ በጃጁራ የሚኖር ልጅ ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በጓሮው እንሰት ቆሞ ይታያል፤ እንግዳ ሁሉ ያደንቀዋል። በደጅና በመንገድ ዳር የተነጠፈውን ሰርዶ ግን የሚያመሰግነው የለም። ሰርዶ ወደ ላይ ብዙ አይረዝምም፤ በመሬት ላይ ይሳባል እንጂ። ግንዱ እንደ ገመድ ቀጭን ሆኖ አንጓ አንጓ አለው፤ አንጓው መሬት በነካበት ሁሉ ወደ ታች ሥር፥ ወደ ላይ ቅጠል ያወጣል። ሌላው ግንዱ ደግሞ በአፈር ውስጥ ተሰውሮ ይሄዳል። ላም ብትግጠው፥ ሰው ቢረግጠው፥ የበጋ ፀሐይ ቅጠሉን ቢያደርቀው፥ በአፈር ውስጥ ያለው ግንድ በሕይወት ይቆያል። የበልግ ዝናም በጣለ ጊዜም ወዲያው ይለመልማል።

የሐዲያ ጎረቤቶች ጉራጌዎች የሣርን ዋጋ ከጥንት ጀምሮ ያውቃሉ። በመንደራቸው መካከል፥ በሁለት ወገን በተሠሩት ቤቶች ፊት፥ ጀፎሮ የሚባል ሰፊ የሣር መንገድ አላቸው። በዚያ ልጆች ይጫወታሉ፤ ከብት ይግጣል፤ ሠርግና ልቅሶም ይደረጋል። ጀፎሮ የሁሉ ስለ ሆነ ማንም ቆርሶ እንዳያርሰው በአገር ደንብ ይጠበቃል።

አሁን ሣር ምድርን እንዴት እንደሚጠብቅ እንመልከት። የዝናም ጠብታ ትንሽ ብትመስልም ከሰማይ ወርዳ ባዶ አፈር በመታች ጊዜ አፈሩን ፈንጥቃ ትበትነዋለች። የተበተነውም አፈር በሚወርደው ውኃ ተወስዶ ይሄዳል። ምድር በሣር በተሸፈነች ጊዜ ግን ጠብታዋ በቅጠሉ ላይ ታርፋለች፤ ኀይሏም ይደክማል፤ ከዚያ በቀስታ ወደ አፈር ትሰርጋለች። ሥሩም አፈሩን እንደ መረብ ይዞ ያቆየዋል።

ይህን በዓይኑ ማየት የሚወድ ተማሪ እንዲህ ያድርግ። ሁለት የእንጨት ገበታ ወስዶ በአንዱ ባዶ አፈር፥ በሁለተኛው ሰርዶ የበቀለበትን አፈር ከነሥሩ ያኑር። ሁለቱንም እኩል አዘንብሎ፥ በአንድ ጣሳ እየለካ ውኃ በላያቸው ያፍስስ። ከባዶው አፈር የሚወርደው ውኃ ደፍርሶ ይወጣል፤ ከሰርዶው የሚወርደው ግን ከዚያ ይልቅ የጠራ ይሆናል።

ሰዎች ወንዝ ደፍርሶ ሲወርድ ባዩ ጊዜ «ወንዙ ሞላ» ይላሉ እንጂ «እርሻችን ሄደ» አይሉም። ነገር ግን ያ ድፍርስ የእርሻቸው አፈር ነው። ከሐዲያ ምድር በስተ ምዕራብ የሚወርደው ውኃ ወደ ኦሞ ወንዝ ይገባል፤ ኦሞም እስከ ቱርካና ሐይቅ ይወስደዋል። በስተ ምሥራቅ የሚወርደው ደግሞ ወደ ብላቴ ወንዝ ገብቶ አባያ ሐይቅ ይደርሳል። አንድ ጣት ያህል ውፍረት ያለው አፈር እስኪፈጠር ድረስ በመቶ የሚቈጠር ዓመት ያልፋል፤ በባዶ ተዳፋት ላይ ግን በጥቂት ክረምት ታጥቦ ይሄዳል። ሐይቅ የገባውን አፈር ወደ ማሳው የሚመልሰው የለም።

የምድር ልብስ በየአገሩ ልዩ ልዩ ነው። ብርድ በሚበረታበት በከፍተኛው ደጋ፥ በስሜንና በባሌ ተራሮች፥ በመንዝም፥ ጦስኝ በድንጋዩ መካከል ተነጥፎ ይገኛል። ጦስኝ ቁመቱ አጭር፥ ቅጠሉ ጥቃቅን፥ ሽታው መልካም ነው፤ አበባውም ወደ ሐምራዊ ያደላል። በኢትዮጵያ ያሉት ሁለት የጦስኝ ዓይነቶች በሌላ አገር በዱር አይበቅሉም። የአንደኛው የሳይንስ ስም በኢትዮጵያ ብዙ ዘመን ኖሮ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1878 ዓ.ም. በዐድዋ የሞተውን ጀርመናዊውን የዕፀዋት ሊቅ ሺምፐርን ያስታውሳል። የደጋ ሰዎች ጦስኝን እንደ ሻይ አፍልተው ይጠጡታል፤ በሽሮና በበርበሬም ይጨምሩታል።

ወደ ውጭ አገር ተክል ከማለፍ በፊት አንድ ቃል ማስተዋል ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ክረምት የሚባለው ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው የዝናም ወራት ነው። በአውሮፓና በሰሜን እስያ ግን ክረምት ማለት የበረዶና የውርጭ ወራት ነው፤ እርሱም የሚሆነው በኢትዮጵያ በጋ በሆነ ጊዜ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ተክል የሚፈተነው በድርቅና በጎርፍ ሲሆን፥ የዚያ አገር ተክል የሚፈተነው በብርድ ነው።

በሳይቤርያና በመካከለኛው እስያ ተራሮች በርጌንያ የሚባል ተክል አለ። ቅጠሉ ሰፊና እንደ ቆዳ ወፍራም ነው፤ ግንዱም በመሬት ላይ እየተሳበ ስፍራውን ይሸፍናል። ውርጭ በመጣ ጊዜ ብዙ ዛፎች ቅጠላቸውን ያራግፋሉ። በርጌንያ ግን ቅጠሉን አይጥልም፤ መልኩን ይለውጣል እንጂ። አረንጓዴው ቅጠል እንደ መዳብ ይቀላል። ሊቃውንት የዚህን ምክንያት ሲያስረዱ፥ ቅጠል በብርድ ጊዜ የሚቀበለውን ብርሃን ሁሉ ሊሠራበት አይችልም፥ የተረፈውም ብርሃን ይጎዳዋል፥ ቀዩ ቀለም እንደ ጥላ ሆኖ ይከላከልለታል ይላሉ። ብርዱ ባለፈ ጊዜ፥ በፀደይ መጀመሪያ፥ ከዚያው ቅጠል መካከል የጽጌረዳ መልክ ያለው አበባ ያወጣል። የሳይቤርያ ሰዎችም አርጅቶ የጠቈረውን ቅጠል ሰብስበው፥ የደጋ ሰው ጦስኝን እንደሚያፈላ፥ ሻይ ያፈሉበታል።

ሰርዶ፥ ጦስኝና በርጌንያ አገራቸው የተራራቀ ነው፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው። ዝቅ ብለው ይኖራሉ፤ ክፉ ቀን በመጣ ጊዜ ስፍራቸውን አይለቁም፤ አፈሩን ለሚመጣው ዓመት ያቆያሉ።

እነዚህን ተክሎች ድርቅና ውርጭ ካጠፋቸው ይልቅ የሰው ቸልታ ያጠፋቸዋል። ጦስኝን ለገበያ የሚለቅመው ሰው ቅጠሉን ብቻ በማጭድ ቢያጭድ ተክሉ እንደ ገና ያቈጠቍጣል፤ ከነሥሩ ቢነቅለው ግን ስፍራው ባዶ ይሆናል። ስለ ሰርዶም ገበሬ ሊለይ ይገባዋል። ሰርዶ በማሳ መካከል በገባ ጊዜ ክፉ አረም ነው፤ ሲቈረጥ አንጓ ያለው ቍራጭ ሁሉ እንደ ገና ይበቅላልና። ስለዚህ ከማሳ ነቅሎ ማውጣት ይገባል። በማሳው ዳር፥ በቦይ አፋፍና በተዳፋት ላይ ያለው ሰርዶ ግን ጠባቂ ነው።

ሁለት ጎረቤቶች በአንድ ተዳፋት ላይ ያርሳሉ እንበል። አንዱ የማሳውን ዳር በሣር ትቶ ያርሳል። ሁለተኛው ጥቂት ትልም ለመጨመር እስከ ጫፉ ያርሳል። በመጀመሪያው ዓመት ብዙ የሚሰበስበው ሁለተኛው ነው። ከዓመታት በኋላ ግን የፊተኛው ልጅ አፈር ያርሳል፤ የሁለተኛው ልጅ ድንጋይ ይለቅማል።

«እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» ይባላል። ይህም ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው የማያስብ ሰው ነገር ነው። አህያይቱ ግን አንድ ነገር ረስታለች። ዕድሜዋን ሁሉ የጋጠችው ሰርዶ እርሷ ሳትወለድ የበቀለ ነበር፤ ከእርሷ በፊት የነበረችው አህያ እንዲሁ ብላ ቃሏ ተፈጽሞላት ቢሆን፥ እርሷ በራብ በሞተች ነበር።

ልጆች ሆይ፥ ከብት ስትጠብቁ አንዱን ስፍራ ብቻ አታስግጡ፤ ሣሩ እንዲያገግም ስፍራ ለውጡ። አፈሩ የተገለጠ ተዳፋት ባያችሁ ጊዜ ከማሳ የተነቀለውን ሰርዶ ወስዳችሁ በዚያ ትከሉት። የማሳው ጠላት በዚያ የማሳው ዘበኛ ይሆናል።

ጥያቄ።
1. አደይ አበባና ሰርዶ በዕድሜ እንዴት ይለያያሉ?
2. የዝናም ጠብታ በሣር ላይ ስታርፍ ምን ትሆናለች?
3. የበርጌንያ ቅጠል በብርድ ጊዜ ለምን ይቀላል?
4. አህያይቱ የረሳችው ነገር ምንድን ነው?