ጥቁር ፊት፣ ነጭ ሸሚዝና ፍላሽ

ባለፈው ሴሚስተር በዲፓርትመንታችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ የተማሪዎች ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሲፈለግ፣ ካሜራ መያዝ ስለምወድ ብቻ «እኔ አለሁ» አልኩ። አሥራ ሁለት ልጆች አነሳሁ። አሥራ አንዱ ደህና ወጡ። የአሥራ ሁለተኛው፣ የቅርብ ጓደኛዬ ፎቶ ግን ዛሬ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ምክንያት ሆነኝ።

ጓደኛዬ መልኩ ጥቁር ነው። በዕለቱ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ነጭ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። እኔም ካሜራውን አውቶማቲክ ላይ አድርጌ ፍላሹን ፊት ለፊት አበራሁበት። ፎቶው ሲታይ ሸሚዙ አለ፣ ጥርሱ አለ፣ ግንባሩ ላይ የሚያብለጨልጭ ነጭ ነጥብ አለ፤ ዓይኑ፣ ጉንጩና አገጩ ግን የሉም። «እኔስ የታለሁ?» ብሎ ሳቀ፤ ሁላችንም ሳቅን። በኋላ አንድ ፎቶ ቤት ወስጄ በኮምፒውተር ሲያፈኩልኝ ፊቱ አመድ የተነሰነሰበት መሰለ። ይህን ሲያይ አልሳቀም። «ተይው፣ የእኔ ይቅር» ብሎኝ ሄደ። ሰሌዳውም በአሥራ አንድ ፎቶ ተከፈተ።

እውነቱን ለመናገር በጣም ነው ያፈርኩት። የሰው ስም ስንሳሳት እርማት ማውጣት ግዴታችን ነው ተብለን ተምረናል። መልኩን ስንሳሳትስ? ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈራችን ወዳለ ሌላ ፎቶ ቤት እየሄድኩ መብራት መማር ጀመርኩ። ባለቤቱ በፊልም ዘመን ሥራውን የጀመሩ ትልቅ ሰው ናቸው። የተማርኩትን እንደሚከተለው ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ፣ ካሜራው ለምን ይሳሳታል? ካሜራ ሰው አያውቅም። የሚለካው የብርሃን መጠን ሲሆን፣ ከፊቱ ያለው ነገር በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ነጭ ሸሚዝና ነጭ ግድግዳ ሲያይ «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ያን ጊዜ ሸሚዙ ግራጫ፣ ፊቱ ደግሞ ጭለማ ይሆናል። ነጠላ የለበሱ እናቶቻችን በበዓል ፎቶ ላይ ፊታቸው የሚጠፋው በዚሁ ምክንያት ነው። መፍትሔው መጠኑን ከልብሱ ሳይሆን ከፊቱ መለካት ነው።

ነገሩ ታሪክም አለው። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ የኮዳክ ኩባንያ የቀለም ፎቶ ለሚያጥቡ ቤቶች ማመሳከሪያ ካርድ ይልክ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት፤ «ሸርሊ ካርድ» ይባላል። ቀለም የሚስተካከለው በእሷ ቆዳ ስለነበር የጥቁር ሰው ፊት ዝርዝሩ ሲጠፋ ለረጅም ጊዜ እንደ ጥፋት አልተቆጠረም።

ሁለተኛው የብርሃኑ ስፋት ነው። ካሜራው ላይ ያለው ፍላሽ ትንሽ ስለሆነ ግንባር ላይ አንዲት ነጥብ ያበራና ሌላውን ይተወዋል። ጥቁር ቆዳ ቅርጹ በደንብ የሚታየው ሰፊ ብርሃን በጎን ሲያርፍበትና ጉንጩ፣ አፍንጫው፣ አገጩ ላይ ሲያንጸባርቅ ነው። ስለዚህ ፍላሹን ከካሜራው አውርደን፣ በነጭ ጃንጥላ ወይም በሶፍት ቦክስ አድርገን፣ በ45 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን፣ ከዓይን ትንሽ ከፍ አድርገን እናቆመዋለን። በሌላው ጎን ነጭ ካርቶን ብናስይዝ ጥላውን ያለሰልስልናል። «ልጄ፣ ዓይኑ ውስጥ መብራቱን ካላየሽ አትጫኚ» ይሉኝ ነበር ጋሼ። ዓይን ውስጥ ያቺ ትንሽ ብርሃን ከሌለች ሰውዬው የተኛ ይመስላል።

ሦስተኛው ርቀት ነው። ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ይህ ሕግ የፈተና ብቻ መስሎኝ ነበር። ጓደኛዬን ከግድግዳው 2 ሜትር ባርቀው፣ መብራቱን ደግሞ 1 ሜትር ላይ ባቀርብለት ኖሮ፣ ግድግዳው ከመብራቱ 3 ሜትር ያህል ስለሚርቅ የሚደርሰው ብርሃን ፊቱ ላይ ካለው አንድ ዘጠነኛ ገደማ ይሆን ነበር። ነጩ ግድግዳ ይጨልማል፣ ፊቱ ይወጣል። መብራቱ በቀረበ ቁጥር ደግሞ ለፊቱ የሰፋ ያህል ስለሚሆን ይለሰልሳል።

አራተኛው የካሜራው ቁጥሮች ናቸው። ስቱዲዮ ውስጥ ማንዋል ላይ እንሠራለን። እኔ የምጀምረው አይኤስኦ 100፣ ሹተር 1/125፣ አፐርቸር ኤፍ 5.6 አድርጌ ነው። የፍላሹ ብርሃን ሹተሩ ክፍት እያለ ብልጭ ብሎ ስለሚጠፋ መጠኑን የምንቆጣጠረው በአፐርቸሩና በፍላሹ ኃይል ነው። አንድ ቀን ሹተሩን 1/500 አድርጌ የፎቶው ግማሽ ጥቁር ሆኖ ቀረብኝ፤ ካሜራው ተበላሸ ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ብዙዎቹ ባለ ሌንስ መቀያየሪያ ካሜራዎች ከፍላሽ ጋር የሚስማሙት እስከ 1/200 ወይም 1/250 ድረስ ነው፤ ከዚያ ሲፈጥን የሹተሩ መጋረጃ ራሱ ፎቶው ውስጥ ይገባል።

የመጨረሻው ግን ሰውዬው ነው። ጓደኛዬን እንደገና ልለምነው ስሄድ «ደግሞ ልታስቂብኝ?» አለኝ። ልክ ነበር። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ከዚያ የማደርገውን ሁሉ እየነገርኩት፣ ያነሳሁትን ወዲያው እያሳየሁት ሠራን። ትከሻውን ትንሽ ወደ ጎን አዞርነው፣ ስለ ሰፈሩ እያወራን አነሳሁት። ሰባተኛውን ፎቶ ሲያይ ዝም ብሎ ቆየና «ይሄ እኔ ነኝ፤ ለእናቴ ላኪልኝ» አለ። በኮምፒውተር ምንም አላፈካሁትም።

ስቱዲዮ የለንም ለምትሉ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት ሰፊ መስኮትና አንድ ነጭ አንሶላ ይበቃል። በስልክ የምታነሱም ስክሪኑ ላይ ፊቱን ነክታችሁ ብርሃኑን ከዚያ አስተካክሉ። የአሥራ ሁለተኛው ፎቶ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰሌዳው ላይ ወጥቷል። ስታልፉ እዩት፤ ለቀጣዩ ዓመት የሚያነሳው ተማሪም ከመጫኑ በፊት ፊቱን ይለካ ዘንድ አደራ እላለሁ።